የላስታ ብርድ፦ ወደ ላሊበላ ከመውጣታችሁ በፊት

በኅዳርና በታኅሣሥ ከምሽቱ ዜና በኋላ የሚቀርበውን የአየር ሁኔታ ትንበያ ልብ ብላችሁ ታዳምጣላችሁ? አብዛኞቻችን በዚያ ሰዓት ድምፁን ቀንሰን ወደ ገበታ እንቀርባለን። ዝናብ የለ፣ ጎርፍ የለ፤ ምን ይሰማል? ይሁን እንጂ ትንበያው በእነዚህ ወራት በየዓመቱ ሳይሰለች የሚደጋግመው አንድ ነገር አለ። በሰሜን ምሥራቅ፣ በመካከለኛውና በምሥራቅ የአገራችን ደጋማ ቦታዎች የሌሊቱና የማለዳው ቅዝቃዜ ይጠናከራል ይለናል። ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ፣ ወገል ጤና የሚሉ ስሞች ይጠራሉ። ከ5 ዲግሪ በታች፣ አልፎ አልፎም ከዜሮ በታች የሚል ቁጥር ይከተላል። ከዚያ ስፖርት ይገባል።

ወገል ጤና ያለችው ደላንታ ላይ ነው። ከደላንታ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ዋድላ አለ፤ ከዋድላ ማዶ ደግሞ ላስታ። ላሊበላን የምታውቋት በዓለት በተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ነው። ዛሬ ግን እስቲ ያችን የትንበያ ቁጥር ይዘን ወደዚያ አገር እንውጣ። ቁጥሯ ከማን ደጃፍ ላይ እንደምታርፍ ማየት ይገባናልና።

አስቀድመን አንድ ቃል እናጥራ። እኛ «ክረምት» ስንል ሐምሌና ነሐሴ፣ ጭቃና ጃንጥላ ይታየናል። ስለዚህ ሐዋርያው ጳውሎስ በሁለተኛው የጢሞቴዎስ መልእክት ምዕራፍ 4 ላይ ጢሞቴዎስ ከክረምት በፊት እንዲደርስለት ሲለምነው፣ ብዙዎቻችን ዝናብ ሳይጥል ማለቱ ይመስለናል። የጳውሎስ ክረምት ግን ሌላ ነው። በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ያ ወቅት መርከቦች ወደብ ይዘው የሚቆሙበት የብርድና የማዕበል ወቅት ነበር። ሽማግሌው እስረኛ በዚያው ምዕራፍ በጢሮአዳ ትቶት የመጣውን ልብስ እንዲያመጣለት ያሳስበዋል። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች ያንን ልብስ «በርኖስ» ብለውታል፤ እንዴት ያለ ትርጉም ነው! የመንዝ ሰው፣ የወሎ ደጋ ሰው በርኖስ ሲባል ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጳውሎስ በእስር ቤት ወለል ላይ ይበርደው ነበር ማለት ነው፤ ያን ሁሉ መልእክት የጻፈ ሐዋርያ፣ የሚለብሰው አጥቶ።

እንግዲህ የጳውሎስን ክረምት በእኛ አገር ከፈለጋችሁት የምታገኙት በበጋ ነው። የአየር ጠባይ ባለሞያዎች ዓመቱን በሦስት ይከፍሉታል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት። ይህን የሚከታተለው መሥሪያ ቤት ቀድሞ በሲቪል አቪዬሽን ሥር የነበረና እ.ኤ.አ. በ1980 ራሱን ችሎ የቆመ ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል። በየወቅቱ መግቢያ የሚያወጣው የበጋ ትንበያ ስለ ሁለት ነገር ያወራል። አንዱ ብርዱ ነው፤ ሁለተኛው ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ።

ብርዱ ከየት ይመጣል? በበጋ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከእስያና ከዐረብ ምድር በኩል፣ ደረቅ ነፋስ ይነፍሳል። ሰማዩ እንደ መስታወት ይጠራል። ቀን ፀሐይ የሰጠችውን ሙቀት ምድር ሌሊቱን መልሳ ወደ ሰማይ ትለቀዋለች። ደመና ቢኖር እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ያስቀርላት ነበር፤ በጥርት ሰማይ ግን የሚያግደው ነገር የለም። ስለዚህ በከዋክብቱ የተደሰታችሁበት ሌሊት፣ ያው ብርዱ የሚጠናበት ሌሊት ነው። በጣም የሚከፋው ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ አይደለም፤ ጎሕ ሊቀድ ሲል ነው። ምድር ሌሊቱን ሙሉ ስትቀዘቅዝ አድራ የመጨረሻዋን ሙቀት የምትለቀው ያን ጊዜ ነውና።

ወደ ላሊበላ በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ የምታርፉት ሹምሸሃ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ ከቀትር በፊት ከደረሳችሁ ሹራባችሁን ታወልቃላችሁ። «ላስታ ይበርዳል ሲሉን!» ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። አትቸኩሉ። መንገዱ ወደ ከተማው እየተጠማዘዘ ሲወጣ 500 ሜትር ያህል ትጨምራላችሁ፤ ላሊበላ ከተማ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። ከከተማው በላይ ያለችው አሸተን ማርያም ከ3,000 ሜትር ታልፋለች። ከሁሉ በላይ የሚታየው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። በየ100 ሜትሩ ከዲግሪ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ ከቆጠራችሁ፣ በሹምሸሃና በአቡነ ዮሴፍ ጫፍ መካከል 13 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። በስልካችሁ ላይ «ላሊበላ» ተብሎ የሚወጣው ቁጥር የአንድ ቦታ ቁጥር ነው። ላስታ ግን አንድ ቦታ አይደለም፤ ደረጃ ነው። ገደል ሥር ማሽላ ይዘራል፣ መካከሉ ላይ ጤፍና ስንዴ፣ ከዚያ በላይ ገብስና ባቄላ፣ ከሁሉ በላይ ጅብራና ጓሳ ብቻ። የአገሩ ሰው የላይኛውን ጫፍ የሚጠራው በብርዱ ስም ነው፦ ውርጭ ይለዋል። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ።

በመኪና ከወልዲያ የሚነሣ ሰው ይህን ደረጃ በአንድ ጠዋት ይማረዋል። ከወልዲያ ወጥቶ የድልብን ዳገት ሲጨርስ፣ ቻይናዎች በሠሩት የወልዲያ ወረታ መንገድ ላይ ሰፊ አምባ ሜዳ ይቀበለዋል። ዛፍ የለም ማለት ይቻላል። ነፋሱ የሚያቆመው ነገር አላገኘም። ጋሸና ላይ፣ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ፣ ወደ ላሊበላ የሚታጠፈው መንገድ ይነሣል። መኪናው ለምሳ ሲቆም ከመስኮት የምታዩት የመጀመሪያው ነገር እረኞቹ ናቸው። ገና የሰባትና የስምንት ዓመት ልጆች ባና ለብሰው ፀሐይ ወዳረፈችበት ግንብ ተጠግተው ቆመዋል። ባና ከበግ ፀጉር ተፈትሎ የሚሠራ ከባድ ልብስ ነው፤ ውኃም ብርድም እምብዛም አያስገባም። ባና የሌለው ደበሎ ይደርባል። ሁለቱም የሌለው ደግሞ አለ።

ቤቶቹን ተመልከቷቸው። በላሊበላና በዙሪያዋ የድሮዎቹ ቤቶች ከድንጋይ የተሠሩ ክብ ቤቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ባለ ደርብ ሆነው ከውጭ መወጣጫ አላቸው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይለቃል። በደጋው ቤት ከብቱና ሰው አንድ ጣሪያ ሥር ማደራቸውን አይታችሁ አፍንጫችሁን ብትይዙ፣ በሬ በዚያ አገር እርሻም ምድጃም መሆኑን አስቡ። ማገዶ ብርቅ ነው፤ የሚነደው ኩበት ነው፤ ኩበት ደግሞ ለመሬቱ ማዳበሪያ መሆን የነበረበት ነው። የዛሬውን ሌሊት ለማሞቅ የከርሞውን እህል ያነዳሉ ማለት ነው። ይህን የሚያደርጉት ሳያውቁ አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ባለቤቴ ከከተማው በላይ ባለ መንደር አንድ ሌሊት አድረን ነበር። ወሩ ኅዳር ነው። አስተናጋጃችን ገበሬ ነበር፤ ማታ ራት ከበላን በኋላ ደጅ ወጥቶ ቆየ። ሰማዩን ሲያይ አየነው። ነፋሱ ቆሟል፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ለእኛ የሚያምር ሌሊት ነበር። እርሱ ግን ተመልሶ ሲገባ፣ «ዛሬስ ነፋስ ቢኖር ይሻል ነበር» አለ። ነገሩ የገባን ጠዋት ነው። ከቤቱ በታች፣ ጎድጎድ ባለው መሬት ላይ ዘግይቶ የተዘራ ባቄላ ነበረው። ነፋስ በሌለበት ሌሊት ቀዝቃዛው አየር እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈስሳል፤ ጎድጓዳው ውስጥም ይተኛል። ስለዚህ ከኮረብታው ይልቅ ሸለቆውን የበለጠ ውርጭ ይመታዋል። ጠዋት ባቄላው ነጭ አመድ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ፀሐይ ስትወጣ አመዱ ጠፋ፤ እኛም ደስ አለን። እርሱ ጎንበስ ብሎ ቅጠሉን በጣቱ አሻሸው። «ከሰዓት በኋላ ይጠቁራል» አለን። ከሰዓት በኋላ ጠቆረ። ሚስቱ ምንም አልተናገረችም፤ የታችኛውን ማሳ በሮች እንዲገቡበት ልጁን ላከችው። እኛን ሌሊት አልብሳን ያደረችው ባና የራሳቸው ብቸኛ ባና እንደነበረ ያወቅነውም ያን ጠዋት ነው። እነርሱ በሁለት ነጠላ ጋቢ ነበር ያደሩት።

መዝሙር 147 እግዚአብሔር ውርጭን እንደ አመድ እንደሚበትን፣ በብርዱም ፊት ማን ሊቆም እንደሚችል ይጠይቃል። ዘማሪው ውርጭን ከአመድ ጋር ሲያስተያይ የደጋ ሰው ዐይን ነበረው። እኛ በከተማ ይህን መዝሙር ስንዘምር ስለ እግዚአብሔር ታላቅነት እናስባለን፤ መልካም ነው። የባቄላው ባለቤት ግን የመጨረሻውን ጥያቄ ጥያቄ አድርጎ ነው የሚሰማው።

የዚህ ብርድ ነገር በታሪካችን ውስጥ አንድ ጊዜ ዓለምን አንቀጥቅጧል። በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት፣ እ.ኤ.አ. 1984፣ የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ በኮረም የተሰበሰበውን የተራበ ሕዝብ አሳየ። ኮረም ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ነበረች፤ ከፍታዋም ከላሊበላ ጋር ይቀራረባል። ያ ዘገባ የሚጀምረው በረሃብ አይደለም፤ በሌሊቱ ብርድ ነው። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ፀሐይ ዘልቆ የሚገባውን የሌሊት ቅዝቃዜ ሰንጥቃ ስትወጣ ይላል፤ ከዚያ ነው ብርሃኑ የሚያሳየውን የሚናገረው። ጋዜጠኛው ትክክል ነበር። ገበሬው መጀመሪያ በጎቹን ሸጧል፣ ቀጥሎ በሬውን፣ በመጨረሻ ከላዩ ያለውን ልብስ። በባዶ ሆድና በባዶ ትከሻ በ2,500 ሜትር ላይ ሜዳ ያደረ ሰው፣ እህሉ በማግሥቱ ቢደርስም ለማግሥቱ አይደርስም። በመጠለያዎቹ የሞቱት ሰዎች በየማለዳው የሚቆጠሩት ለዚህ ነው።

በዚያ አሥርት ዓመት የመካነ ኢየሱስ፣ የካቶሊክና የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ለረሃቡ እርዳታ በጋራ ሠርተዋል። ዛሬ ይህን ማስታወስ የሚከብዳቸው ሰዎች ስላሉ ነው የማነሣው።

ዘጸአት 22ን በዚህ መነጽር አንብቡት። ሕጉ የባልንጀራህን ልብስ መያዣ ብትወስድ ፀሐይ ሳትጠልቅ መልስለት ይላል፤ ሌላ የሚለብሰው የለምና፣ በምን ይተኛል ብሎም ይጠይቃል። ድሃው ወደ እግዚአብሔር ቢጮኽ እግዚአብሔር እንደሚሰማው ይናገራል። ልብ በሉ፣ ሕጉ ብድሩን ሰርዝ አይልም። መያዣ መውሰድንም አልከለከለም። ሰዓት ነው የወሰነው፦ ፀሐይ ሳትጠልቅ። እግዚአብሔር የሌሊቱን የሙቀት መጠን አስቦ ሕግ አወጣ። በሲና በረሃም ቀኑ ቢያቃጥል ሌሊቱ ይበርዳል።

ወደ ከተማው እንመለስ። ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብተዋል፤ የሚሠሩበትን ዘመን የዛጉዬው ንጉሥ ላሊበላ ዘመን ብለን እናውቀዋለን። እኔ ግን የምነግራችሁ ስለ ጣሪያቸው ነው። ዓለት ነው ሲባል ለዘላለም የሚኖር ይመስለናል። ዓለቱ ግን ሰፍነግነት ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። የክረምቱ ዝናብ ስንጥቁን እየፈለገ ይገባል፤ የበጋው ቀንና ሌሊት ደግሞ ሲያሞቀውና ሲያቀዘቅዘው ስንጥቁን ያሰፋዋል። የጥንት ጠራቢዎች ይህን ያውቁ ነበር፤ በየግቢው የውኃ ማፋሰሻ ቦዮች ቆፍረዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአንዳንዶቹ ላይ በብረት ምሰሶ የቆሙ ትላልቅ መጠለያዎች ተተከሉ። ሲተከሉ ለጊዜው የተባሉ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ነዋሪዎቹ አደባባይ ወጥተው፣ ዝናብን ሊከለክል የመጣው ብረት ራሱ በነፋስ ቢወድቅብንስ ብለው ጮኹ። ስትሄዱ ቀና ብላችሁ እዩት። ይምርሐነ ክርስቶስ ለመሄድ ጊዜ ካገኛችሁ ደግሞ ልዩነቱን ታያላችሁ። እርሱ የተሠራው በትልቅ ዋሻ ውስጥ ነው፤ ከእንጨትና ከድንጋይ ቢሠራም ዝናብ አይነካውም። ንጉሥ ላሊበላ ከመንገሡ በፊት የተሠራው ያ የእንጨት ሕንፃ ዛሬም ቆሟል።

ብዙዎቻችሁ ስለ ገና ትጠይቁ ይሆናል። በታኅሣሥ 29 በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የሚወጡት በዚህ በተናገርነው ብርድ መካከል ነው። ብዙዎቹ ለቀናት በእግር ተጉዘው ይደርሳሉ፤ በየሜዳው፣ በየግንቡ ጥግ ነጭ ጋቢ ተከናንበው ያድራሉ። በሥርዓታቸው ከእኛ የሚለዩበት ነገር አለ፤ ያን እናውቃለን፣ እነርሱም ያውቃሉ። ነገር ግን አንዲት አሮጊት ስለ ጌታ ልደት ብላ በታኅሣሥ ሌሊት ድንጋይ ላይ ስታድር አይታችሁ፣ ወዲያው ስለ ልዩነቱ ልትነግሯት ብትነሡ፣ ያዕቆብ በምዕራፍ 2 የሚወቅሰው ሰው ሆናችሁ ማለት ነው። ያ ሰው የታረዘውን ወንድሙን ሙቅ፣ ጥገብ ብሎ በባዶ እጁ ያሰናበተው ነው። የቃሉ ሰው ነበር፤ ያልሰጠው ልብሱን ነው። በሐዋርያት ሥራ 28 ደግሞ ተቃራኒው አለ። የመላጥያ ደሴት ሰዎች ወንጌል አልሰሙም ነበር፤ ዝናብና ብርድ ስለነበረ ግን እሳት አንድደው ጳውሎስንና ከመርከብ አደጋ የተረፉትን ሁሉ ተቀበሉ። ሉቃስ ያንን እሳት ሳይመዘግብ አላለፈም።

የላሊበላ ሰው ከእንግዳ የሚኖር ነበር። በመጀመሪያ ወረርሽኙ መጣ። ከዚያ ጦርነቱ፤ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፣ በታኅሣሥ 2021 ተመለሰች። በክልሉ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የተነሣው ግጭትም ላስታን አልማረም። መንገድ መሪው፣ የሆቴል አስተናጋጁ፣ ጫማ ጠባቂው ለዓመታት ገቢ አጥተው ከርመዋል። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት ስለ አየሩ ብቻ ሳይሆን ስለ መንገዱም እዚያ ያሉ ሰዎችን ጠይቁ፤ ሰላም ሲሆን ግን መሄዱን አትተዉት።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ለእናንተ አንድ የተለየ ቃል አለኝ። መክብብ ምዕራፍ 4 ሁለት ሆነው ቢተኙ ይሞቃቸዋል፣ አንዱ ግን ብቻውን እንዴት ይሞቀዋል ይላል። ይህን ክፍል በሠርግ ላይ ስንሰብክ በሦስት ስለተገመደው ገመድ ብዙ እንናገራለን፤ የብርዱን ቁጥር ቶሎ እናልፈዋለን፣ ምናልባት አማቾች ስለተቀመጡ ይሆናል። ሰሎሞን ግን እንደ ላስታ ገበሬ ተናገረ። ምሳሌ አልፈለገም፤ ብርድ ነው ያለው። በከተማ ባልና ሚስት ተኳርፈው በየራሳቸው ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ጀርባ ለጀርባ ያድራሉ። በውርጭ አገር፣ አንድ ባና ባለበት ቤት፣ ኩርፊያ እስከ ጠዋት መቆየት አይችልም። ያስተናገዱን ባልና ሚስት ባቄላቸው በጠቆረበት ቀን ማታ አንድ ጋቢ ለሁለት ተከናንበው በምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ ስለ በሬ መሸጥ ነበር የሚነጋገሩት። እርሱ መሸጥ ፈለገ፤ እርስዋ በጉ ይሻላል አለች። ለረጅም ሰዓት አልተስማሙም። ጋቢውን ግን ማንም አልሳበውም።

ስንቃችሁን በሚመለከት ብዙ አልልም። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ባርኔጣ ያዙ። ለሌሊት ጋቢ፣ ለልጆች ካልሲና የሱፍ ኮፍያ አትርሱ። በከፍታው ላይ የምትተነፍሱት አየር ስለሚሳሳ በመጀመሪያው ቀን ዳገት አትቸኩሉ፤ ውኃ ጠጡ። አቡነ ዮሴፍ ልትወጡ ካሰባችሁ ጎሕ ሳይቀድ ስለምትነሡ የሌሊቱ ብርድ ከነኃይሉ ይጠብቃችኋል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሌሊቱን ያደሩበትን ገደል ትተው ወደ ሣሩ ሲወጡ፣ ዕድለኛም ከሆናችሁ ቀይ ቀበሮ ታያላችሁ። ሁለቱም ወፍራም ጠጉር ተሰጥቷቸዋል፤ እናንተ ግን ይዛችሁ መሄድ አለባችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ለራሳችሁ ከምትይዙት ሌላ አንድ ጋቢ ጨምሩ። ማን እንደሚወስደው እዚያው ስትደርሱ ታውቁታላችሁ።

በትንበያው ሁለተኛ ነገር ያልነው ወቅቱን ያልጠበቀው ዝናብ ነው። አንዳንድ ዓመት ጥቅምትና ኅዳር ላይ ደመና ይሰበሰባል። ለከተማ ሰው «ደስ የሚል ዝናብ» ነው፤ ቆሻሻውን ያጥባል። በላስታ ግን በዚያን ጊዜ ገብሱ ታጭዷል፣ ነዶው ሜዳ ላይ ነው፣ አውድማው ተለቅልቋል። ሁለት ቀን የዘነበበት ነዶ ይበቅላል፣ ይሻግታል። ትንበያው ሦስት ቀን ቀድሞ ከደረሰው ግን ገበሬው ጎረቤት ጠርቶ በደቦ ሰብስቦ ይከምረዋል፤ ክምሩ በደንብ ከተሠራ ዝናብ አይገባውም። ስለዚህ ያ ስፖርት ከመግባቱ በፊት የምንዘጋው ድምፅ በመንደር ሬዲዮ አጠገብ ጸጥ ተብሎ የሚሰማ ነገር ነው። ጌታችን በማቴዎስ 16 ሰዎች የሰማዩን ፊት አይተው ነገ ምን እንደሚሆን እንደሚለዩ ሲናገር፣ መለየታቸውን አልነቀፈም።

ክረምቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ በላስታ መብረቅና በረዶ ያለበት ነው። በአማርኛ «በረዶ» የምንለው ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም በፈረንጅ አገር እንደ ጥጥ የሚወርደውንም ነው፤ ላስታ የሚያውቀው ጠጠሩን ነው። ሩብ ሰዓት ያልሞላ በረዶ አንድ ማሳ ገብስ መሬት ላይ ሊያስተኛው ይችላል፤ ከጎኑ ያለው ማሳ ምንም አይነካውም። ይህን የሚያህል ጠባብ ነገር የትኛውም ትንበያ ለይቶ አይነግራችሁም። ዶፍ ሲጥል መሻገሪያዎች ስለሚሞሉ በእነዚያ ወራት መሄድ ካለባችሁ ጉዞአችሁን ከቀትር በፊት ጨርሱ። ከእነዚህ ተራሮች የሚነሣው ተከዜ በበጋ ጠባብ ምንጭ ነው፤ በነሐሴ ስታዩት ሌላ ወንዝ ይመስላችኋል።

ከሁሉም በላይ ግን በዚያ አገር የሚጠየቀው በልጉ ነው። የላይኛው ደጋ ብዙ ቦታ ሐምሌ ላይ ውኃ ይቋጥራል፣ ዘግይቶ የተዘራውንም ውርጭ ይቀድመዋል። ስለዚህ ገበሬው በጥርና በየካቲት የሚጀምረውን አጭር ዝናብ ተጠቅሞ ገብስ ይዘራል፤ ሰኔ ላይ ያጭደዋል። በልግ ሲቀር፣ ሰኔና ሐምሌ የረሃብ ወር ይሆናሉ። በ2007 ዓ.ም. በልጉ ሲያጥር፣ ክረምቱም በኤል ኒኞ ምክንያት ሲያጥር የሰሜን ወሎ ሰው እንዴት እንደተቸገረ የሚያስታውስ ያስታውሳል። ጥር ሲጋመስ ከምሥራቅ በኩል የመጀመሪያው ለስላሳ ደመና ወደ አቡነ ዮሴፍ ይጠጋል። ያን ጊዜ ሌሊቱ ትንሽ ለዘብ ይላል፤ ደመናው ሙቀቱን ስለሚይዘው ነው። ሽማግሎቹ ጠዋት ተነሥተው በመጀመሪያ የሚያዩት የሣሩን ጫፍ ነው፤ ነጭ ከሌለበት ሞፈርና ቀንበር ከግርግም ይወርዳል።